የገነነ የኖራ ቅጽር

ገነነ ቢሆነኝ ማሽኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት መሬት ላይ በኖራ ሦስት ክብ ያሰምር ነበር፤ አንዱን በሌላው ውስጥ። የመጀመሪያው ጉድጓዱ ከሚቆፈርበት ነጥብ ሁለት ክንድ ይርቃል። ሁለተኛው የመሰርሰሪያውን ቁመት ያህል ይሰፋል። ሦስተኛው ማሽኑ ተገንድሶ ቢወድቅ ጫፉ ከሚያርፍበት አንድ እርምጃ አልፎ ይዞራል። ኖራውን አፉ በተቀደደ የሲሚንቶ ከረጢት ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የኋሊት እየሄደ ነበር የሚያሰምረው። ሠራተኛው እስኪጨርስ ቆሞ ይጠብቃል፤ እየጠበቀም ያላግጣል።

«ዛሬም ታቦት ሊያስገቡ ነው መሰለኝ፣ ጋሼ ገነነ!»

«አዎን፣» ይላል ቀና ሳይል። «ውጭኛው ቅኔ ማሕሌት ነው፤ ማዜም ያማረው እዚያ ያዚም። መካከለኛው ቅድስት ነው፤ ምልክት ሰጪው ብቻ ይገባል። ውስጠኛው መቅደስ ነው።»

«መቅደሱስ ለማን ነው?»

«ለብረቱ። እናንተ አልቀሰሳችሁም።»

ፊት ለፊት ሳገኘው አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን መዝገብ ሰውን ሁሉ እንደሚጠራው በስሙ ብቻ እጠራዋለሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ የገጠር መንገድና ትናንሽ ድልድይ በሚሠራ ድርጅት ቅርንጫፍ፣ መዝገብ ቤቱን የምይዘው እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትም ይህንኑ ነው፤ ወረቀትን በቦታው ማስቀመጥ፣ የጎደለውን መመለስ፣ የተጻፈውን አለመንካት። ያየሁትንና የሰማሁትን ለይቼ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ገነነ የተወለደው ከቡሬ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ባለ ቀበሌ ነው። አባቱ ከቡሬ ገበያ እህል በበቅሎ የሚያመላልሱ ሰው ነበሩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፣ እሱ በበቅሎዋ ላይ እንደተቀመጠ አስከሬን አጠገባቸው አለፈ። አባቱ እግሩን ይዘው ጎትተው ጭቃ ላይ አወረዱት። «ሰው ወደ አፈር ሲሄድ አንተ ከፍ ብለህ ታየዋለህ?» አሉት። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ። ከዚያ ወዲህ በነቀምት መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሠርቷል፤ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል፤ ኮንክሪት የሚያቦካውን ተንቀሳቃሽ ሚክሰር ሰባት ዓመት ነድቷል፤ በመጨረሻም መሰርሰሪያው ላይ ወጥቷል። መሰርሰሪያው በጭነት መኪና ጀርባ ላይ የተተከለ፣ እንደ ግዙፍ ብሎን የተጠማዘዘ፣ ከሁለት ሰው ቁመት የሚበልጥ ብረት ነው። ለድልድይ ምሰሶ ጉድጓድ ይቆፍራል። ጉድጓዱ ሲያልቅ ሚክሰሩ ተጠግቶ ኮንክሪቱን ያፈስበታል። ሁለቱ ማሽኖች ስለማይለያዩ፣ ሁለቱ ኦፕሬተሮችም አይለያዩም ነበር።

የሚክሰሩ ኦፕሬተር ስመኘው ይባላል። ታናሽ ወንድሜ ነው።

ስመኘውን ሥራ ያስተማረው ገነነ ነው። ሚክሰሩን ሲያቆም ከጎማው ሥር ታኮ ሳያስገባ አይወርድም፤ ይህን ከገነነ ተማረ። በርሜሉ እየዞረ እጁን አያስገባም፤ ወደ ጉድጓድ ሲጠጋ አፋፉ እንዳይናድ የጉድጓዱን ጥልቀት ያህል ርቆ ይቆማል። ለምሳ ሲሄዱ ክፍት ጉድጓድ ሳይከድኑ አይሄዱም። የተንጠለጠለ ነገር፣ ሻርፕም ሆነ ጋቢ፣ ከኖራው ውስጥ አይገባም። እቤት ሲመጣ እናታችንን እናኑን «እማዬ፣ ነጠላሽን ሰብስቢ፤ ጋሼ ገነነ ቢያዩሽ ከምድጃው ያባርሩሽ ነበር» እያለ ያስቃት ነበር።

ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም፣ ሾላ ወንዝ በተባለው የድልድይ ሥራ ላይ፣ መሰርሰሪያው የስመኘውን ጋቢ ያዘ። ከዚህ የበለጠ ስለዚያ ቅጽበት አልጽፍም።

የአደጋው ሪፖርት በስድስተኛው ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ሦስት ገጽ ነው። የሥራ ቦታው ኃላፊ አድማሴ አዘጋጅቶታል፤ አሥራ አንድ ምስክሮች ፈርመውበታል። ኦፕሬተሩ መቀመጫው ላይ ነበር ይላል። ማሽኑ በሥራ ላይ ነበር ይላል። ሟቹ ጋቢ እንደለበሰ የአደጋ ክልሉን አልፎ በመግባቱ፣ አደጋው «በሟቹ በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት» ደርሷል ይላል። አነበብኩት፤ ቁጥር ሰጠሁት፤ ፋይሉ ውስጥ አስገባሁት። ሥራዬ ነው። ማታ እናቴ «ምን ተጻፈ?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ልጄ ራሱ ገባ?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ ዓይኑ ውስጥ ይዞ ይገባ ነበር፤ እናቴም ሰው ሲገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ጀመር።

እኔን ያልተወኝ ጋቢው ነው። ስመኘው ጋቢውን ማለዳ ለብርድ ይለብስና ሥራ ሲጀመር አጣጥፎ ከሚክሰሩ ወንበር ጀርባ ያስቀምጠዋል። በአራት ሰዓት ፀሐይ ወጥቷል። በዚያ ሰዓት ያን ጋቢ ምን አስለበሰው? ጋቢው ጥግ ጎድሎት በፌስታል ወደ ቤታችን ተመልሷል። እናቴ አጥባ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ሣጥኑን ባለፍኩ ቁጥር ጥያቄው ይነሣል።

ከአደጋው በኋላ ገነነ የማሽኑን የቀን መዝገብ ራሱ ማምጣት ጀመረ። ቀድሞ በመኪና ይላክ ነበር። በየወሩ መጨረሻ፣ በምሳ ሰዓት ሌላ ሰው በሌለበት፣ በሩ ላይ ይቆማል።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ።»

«አይ፣ ልቁም።»

መዝገቡን በሁለት እጁ ይሰጠኛል። እኔ ገጾቹን ስቆጥር እሱ ራሱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

«ይህ ምንድን ነው የሚሰማው?»

«ምንም የለም፣ ጋሼ። መብራትም የለም ዛሬ።»

«ሞተር ነው፣» ይላል። «አልጠፋም።»

ከዚያ የሱሪውን ኪስ በመዳፉ ይዳስሳል፤ የሆነ ነገር መኖሩን እንደሚያረጋግጥ ሰው። ይወጣል። ባለቤቱን ካሰችን ገበያ ላይ አግኝቻት እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋት። «ቤቱን ሙሉ ቁልፍ ይፈልጋል፣ እታለሜ፣» አለችኝ። «ምን ቁልፍ እንደሆነ ብጠይቀው አይነግረኝም። ወንበር ላይ ከተቀመጠ ወሩ አልፏል፤ ምሳውን ቆሞ ነው የሚበላ።»

በመጋቢት ወር የአሮጌ መዛግብት ማስተካከያ ስሠራ የገነነን የሁለት ዓመት የቀን መዝገብ ከመጀመሪያው አነበብኩ። ጽሕፈቱ ድቡልቡልና ንጹሕ ነው፤ የቄስ ትምህርት ቤት ጽሕፈት። ማሽኑ የቆመበትን ምክንያት ሁሉ ይጽፋል፦ ዝናብ፣ ናፍጣ፣ ድንጋይ። በመካከሉ ስድስት ጊዜ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር አገኘሁ፦

«ቀብር አለፈ። መሰርሰሪያውን መሬት አስነካሁ፣ ሞተር አጠፋሁ፣ ቁልፍ ኪሴ፣ ወረድኩ።» ከጎኑ ደቂቃው አለ።

ስድስቱም ላይ ጣቴን አኖርኩ። አባቱ ከበቅሎ እንዳወረዱት፣ እሱም ከማሽን ይወርዳል ማለት ነው። ከዚያ ኅዳር 14ን ገለጥኩ። ሥራ የተጀመረበት ሰዓት ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። በአራት ሰዓት ፀሐይ ጋቢ የሚለበሰው ሰው ሲታመም ነው፤ ወይም ሐዘን ፊት ሲቆም ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሾላ ወንዝ ደብር ሄድኩ። ቄስ ገብረ ኢየሱስ የደብሩን መዝገብ አወጡልኝ፤ ማን እንደሆንኩ አውቀዋል፤ ለምን እንደመጣሁም አልጠየቁኝም። ኅዳር 14፦ ወይዘሮ ያምሮት፣ ዕድሜ ሰማንያ አራት፣ ሥርዓተ ቀብራቸው ተፈጸመ።

«በየት በኩል አለፉ፣ አባ?»

«ልጄ፣ እኛ የሞተውን እንጽፋለን። ማን ቆሞ እንዳሳለፈው አንጽፍም።»

«አልፈው ነው ወይስ አርፈው?»

አስከሬን ከቤቱ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ ሰባት ጊዜ እያረፈ፣ በየማረፊያው ጸሎት እየተደረሰለት ነው የሚሄደው፤ ይህን የማያውቅ በእኛ አገር የለም። ቄሱ በመስቀላቸው ወደ ወንዙ አመለከቱ።

«ስድስተኛው ማረፊያችን ከዚያች ሾላ ሥር ነው። ከአያቶቻችን ጀምሮ። መንገድ ቀያሾቹ ሲመጡ የጠየቀን የለም።»

ሾላዋ ከድልድዩ ምሰሶ አሥር እርምጃ አትሞላም። ሄጄ ቆጠርኩት፤ ዘጠኝ ናት። ሦስተኛው የኖራ ክብ ከሾላዋ አልፎ ነበር የሚዞረው ማለት ነው።

አሥራ አንዱ ምስክሮች ለምን ቀብሩን እንደሸሸጉ በኋላ ሰማሁ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ለገነነ ሲሉ ነው፤ ከመቀመጫው ወርዶ ነበር ቢባል ፈቃዱን ይነጠቃል። ሁለተኛው ለያምሮት ልጆች ሲሉ ነው። «አሮጊቷ ሰው ጠርታ ሄደች» እንዳይባል ልጆቿ እየዞሩ ለምነው ነበር። ለሕያዋኑ ሁሉ ተጠንቅቀዋል። ስመኘው ግን በሪፖርቱ ላይ ብቻውን ቀረ።

በመጋቢት መጨረሻ ገነነ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆመ። መዝገቡን ተቀብዬ አልቆጠርኩም።

«ጋሼ፣ ወይዘሮ ያምሮት ሲያልፉ ወርደው ነበር?»

እጁ ኪሱ ላይ ቀረ። «ወርጃለሁ» አለ።

«ስድስት ጊዜ ሞተር አጥፍተው ነው የወረዱት። መዝገቡ ላይ አለ። በሰባተኛው ለምን አላጠፉም?»

«ረሳሁት ብለሽ ጻፊ።»

«ስድስት ጊዜ ያልረሱትን?»

«ጻፊው አልኩሽ እኮ! ፈቃዴን ይውሰዱት፤ ይሰሩኝ፤ ረሳ በይ!»

ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። ወንበሩን አመጣሁለት፤ አልተቀመጠም። እኔም ተነሥቼ ቆምኩ። ሁለታችንም ቆመን ነው የነገረኝ።

ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሣው ክፍል፣ ከተበላሸ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር። በየማለዳው ስመኘው ሚክሰሩን አስጠግቶ፣ ከራሱ ባትሪ በኬብል አገናኝቶ ነው የሚያስነሣለት። ያን ቀን ደግሞ ሁለት ጊዜ ጠፍቶባቸው፣ ሁለት ጊዜ አስነሥተውታል። ገነነ መሰርሰሪያውን ከጉድጓዱ አውጥቶ ጭቃውን እያራገፈ ሳለ አስከሬኑ ከአቀበቱ ብቅ አለ። መሰርሰሪያውን አቆመ፤ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

«ስመኘው ኬብሉን ገና እየጠቀለለ ነበር፣» አለ። «ከታች ሆኖ ጮኸብኝ። እየሣቀ ነው። "አያጥፉት፣ ጋሼ! እማማ ያምሮት ጆሯቸው ከሞተ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ሞተሩ አይረብሻቸውም!" አለኝ። እኔም ሣቅሁ። ሬሳ እየመጣ ሣቅሁ። እጄን ከቁልፉ መለስኩና ወረድኩ።»

አስከሬኑ የሚያልፍ መስሏቸው ነበር። ከሾላዋ ሥር ሲደርስ ግን ቃሬዛው ወረደ፤ ጸሎቱ ተጀመረ። ሕዝቡ ተከማቸ። ስመኘው ጋቢውን ከወንበሩ ጀርባ አውጥቶ ለበሰ፤ ሄልሜቱን አወለቀ። ከኋላ የመጣው ሰው ሲገፋ፣ ፊተኞቹ ለቃሬዛው ቦታ ለመልቀቅ የኋሊት ሄዱ። ኖራውን ስንት እግር ረገጠው፤ መሥመሩ ጠፋ። የመሰርሰሪያው መዘውሪያ እጀታ ደግሞ በራሱ የሚቆለፍ አይደለም፤ ሞተሩ ካልጠፋ ንዝረቱ ያንሸራትተዋል። ገነነ ይህን ለሰው ሁሉ ሲያስተምር የኖረ ነው።

«ቀስ ብሎ ነው የዞረው፣» አለ። «ልቅሶው ነበር፤ ማንም አልሰማም። የስመኘው ጀርባ ለብረቱ፣ ፊቱ ለሬሳው ነበር። በአክብሮት ነው የቆመ። እኔም ፊቴ ለሬሳው ነበር።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«የመጨረሻ ቃሉ ነዋ። እናትሽ "አያጥፉት" ብሎ ሞተ ሲሏት ምን ይሰማታል? እኔ ልሸከመው ብዬ ነው።»

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ ሥራዬ ስለሆነ ነው የጠየቅሁት። «ሞተሪኖ ይቀየርልኝ ብለው አልጻፉም?»

«ጽፌ ነበር።»

«የት ደረሰ?»

«ተመለሰ።»

«ማነው የመለሰው?»

መሬት መሬቱን አየ። «የአድማሴ ፊርማ ጎድሎት ነበር፤ ያን ሰሞን ልቅሶ ሄዶ ነበር። በትክክል ነው የተመለሰው፣ እታለሜ።»

የገቢ ደብዳቤ መዝገቡን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ኅዳር 5 ቀን። «የሞተሪኖ መግዣ ጥያቄ። የኃላፊ ፊርማ ስለሌለው ለአቅራቢው ተመልሷል።» ጽሕፈቱ የእኔ ነው። ነጥቡ እንኳ በቦታው ነው። ደብዳቤውን በመለስኩበት ቀን የተለየ ነገር አላስታውስም፤ በሳምንት አሥር ደብዳቤ እመልሳለሁ። ገነነ አምስት ወር ሙሉ በሩ ላይ ሲቆም ይህን ያውቅ ነበር። የተሸከመው የስመኘውን ብቻ አልነበረም።

መዝገቡን ስዘጋ ሞተሩ እኔንም ተሰማኝ። መብራት አልነበረም። መንገዱ ላይም መኪና አልነበረም። ይህንን ያየሁት ውስጥ ልመድበው ወይስ የሰማሁት ውስጥ፣ እስካሁን አላወቅሁም።

የተሻሻለውን ሪፖርት ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አሮጌውን አልቀደድኩም፤ የተጻፈ አይነካም። አዲሱን ከላዩ አያያዝኩት። ገነነ ሞተር ሳያጠፋ ከመቀመጫው መውረዱን ጻፍኩ። ስመኘው ሞተሩ እንዳይጠፋ መናገሩን፣ ቃሉን እንዳለ ጻፍኩ። የመለዋወጫው ጥያቄ በመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ መመለሱን ጻፍኩ፤ ስሜንም ፀደንያ ብዬ አስገባሁ። የጉድጓዱ ቦታ ከሕዝቡ የአስከሬን ማረፊያ ዘጠኝ እርምጃ መሆኑን ጻፍኩ። «በሟቹ በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት» የሚለው ቦታ ላይ «ሟቹ ለአስከሬን ቦታ ሲለቅ» አልኩ። ገነነ መጥቶ አነበበና ፈረመ። አሥራ አንዱም አንድ በአንድ መጥተው ፈረሙ፤ የያምሮት ታላቅ ልጅ ሳይጠራ መጥቶ አሥራ ሁለተኛ ሆነ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ራሴ ቁጥር ሰጥቼ ራሴ ፋይል አደረግሁት።

ለእናቴ አነበብኩላት። ምሳ ሰዓት ነበር። ስለ እማማ ያምሮት ጆሮ የተናገረው ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩት። እናቴ «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ወረቀቱን አስቀመጥኩ። እየሣቀች ነበር።

«እሱ ነው፣» አለች። «አነጋገሩ ነው። ገነነን በይልኝ፣ ይምጣና ይቀመጥ።»

መጣ። ቤታችን ግን አልተቀመጠም፤ እንደቆመ ጠላውን ጠጥቶ ሄደ።

ፈቃዱ ታገደ። ድርጅቱ እንዲሄድ አላደረገውም፤ እሱም መሄድ አልፈለገም። አሁን ምልክት ሰጪ ነው። በመካከለኛው ክብ ውስጥ የሚቆመው ብቸኛ ሰው እሱ ነው። ኖራውን አሁንም የሚያሰምረው እሱ ነው፤ ቁጥሩ ግን ከውጭ አንድ ተጨምሮ አራት ሆኗል። አዲስ ጉድጓድ ከመቀየሱ በፊት ሽማግሌዎቹን «አስከሬን የት የት ታሳርፋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን እኔ እመዘግባለሁ። ቅርንጫፋችን ውስጥ አሁን እንዲህ ያለ ፋይል አለ።

ባለፈው ግንቦት ደምበጫ አጠገብ ወዳለው ሥራ ለቆጠራ ሄጄ ነበር። መሰርሰሪያው እየሠራ ሳለ ከማዶ ልቅሶ ተሰማ። ኦፕሬተሩ ያረጋል የሚባል ሰው ነው። ሳይጠራ መሰርሰሪያውን መሬት አስነካ፤ ሞተሩን አጠፋ፤ ወረደና ቁልፉን ለገነነ ሰጠው። ገነነ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሠራተኛው ሁሉ ሄልሜቱን አውልቆ ወደ መንገዱ ዞረ። ገነነ ግን ወደ ማሽኑ ዞረ። ሙታኑን በጀርባው አድርጎ፣ ብረቱን እያየ ቆመ።

ከቀብረኞቹ አንድ ሽማግሌ አዩት። «ይህ ሰውዬ ምን ያለ ነው?» አሉ ጮክ ብለው። «ለሬሳ ጀርባ ይሰጣል? አሳዳጊ የበደለው!»

«ይተዉት፣ አባባ፣» አለ ያረጋል በለሆሳስ። «ብረቱን እየጠበቀልን ነው።»

ገነነ አልዞረም። አስከሬኑ አለፈ፤ ልቅሶው ከጉብታው ወዲያ ወረደ። ሠራተኛው ሄልሜቱን መልሶ ሲያደርግ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። ራሱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥ ነበር።

«ጠፍቷል?» አለኝ።

«ጠፍቷል፣ ጋሼ።»

ኪሱን ዳሰሰ። ቁልፉ ነበረ። «እንግዲያው ጻፊው» አለ።

የቀን መዝገቡን ከያረጋል ተቀብዬ ጻፍኩት፦ «ቀብር አለፈ። መሰርሰሪያው መሬት ነክቷል፣ ሞተር ጠፍቷል፣ ቁልፍ በገነነ ቢሆነኝ ኪስ። ሃያ ስድስት ደቂቃ።»